ከጓዳ ያልወጣ ሳቅ

ጄምስ ስኮት የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1990 ያሳተመውን አንድ መጽሐፍ የሚከፍተው በእኛው ተረት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪክን የሚመለከቱ ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ደካሞች ከጉልበተኞች ጀርባ ስለሚያካሂዱት ስውር እምቢታ የሚተርክ ሲሆን፣ ደራሲው ከዓለም ሕዝቦች አባባል መርጦ በግንባሩ ላይ የለጠፈው «የኢትዮጵያውያን ነው» ያለውን ነው። የተረቱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ታላቁ ጌታ በመንገድ ሲያልፍ ብልህ ገበሬ ወገቡን ሰብሮ እጅ ይነሳል፤ እጅ እየነሳም ድምፅ ሳያሰማ ፈሱን ይለቃል።

ይህን ያነበበ ያገራችን ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ይኮራል። «አየህ፣ ፈረንጆቹ እንኳ ያወቁልን ብልሃት ነው!» ይላል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ ጌታው ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። በበቅሎው ላይ እንደተኮፈሰ አለፈ። ግብሩንም ሰበሰበ። ገበሬው በማግስቱም ጎንበስ አለ። ሽታው የቀረው ለራሱና ከጎኑ ጎንበስ ብለው ለነበሩት ጎረቤቶቹ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም ፊደል የቆጠርነው ከተሜዎች፣ ስለ ቀልዳችን የምናወራው ብዙ ከንቱ ውዳሴ አለን። ሕዝባችን በቅኔ ይዋጋል እንላለን። አዝማሪው በማሲንቆው ንጉሥ ይሸነቁጣል እንላለን። አለቃ ገብረ ሐናን እየጠራን መኳንንቱን በአንድ ቃል እንዴት እንዳዋረዷቸው እንተራረካለን። «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ የነበሩትን ነገሥታት እያነሳን፣ የደሃው ግጥም ቤተ መንግሥት ያንቀጠቅጥ እንደነበረ እንመሰክራለን። ይሁን እንጂ ነገሩን ረጋ ብሎ ላሰበው፣ ንጉሡ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ስለፈራ ብቻ አይደለም። የሕዝቡን ልብ ትርታ ያለ ደመወዝ የሚያደርስለት ወሬ አቀባይ ስላገኘ ጭምር ነው። እረኛው ባያውቀውም ግጥሙ የንጉሡ የጸጥታ ሪፖርት ነበረች። ንጉሡ ሰምቶ ሹሙን ይቀይራል፣ ወይም ጥበቃውን ያጠብቃል፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ግን እንዳለ ይኖራል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ቀልድ ከጓዳ እስካልወጣ ድረስ ትግል አይባልም። ማስታገሻ ነው። ማስታገሻ መጥፎ ነው አላልኩም፤ የታመመ ሰው እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ማስታገሻውን መድኃኒት ብለን መጥራታችን ነው የሚያናድደኝ።

እንደ ሶቪየት ኅብረት የጓዳ ቀልድ የበዛበት አገር በሃያኛው ክፍለ ዘመን መኖሩን እጠራጠራለሁ። በስታሊን ዘመን በፖለቲካ ቀልድ ምክንያት ሰው ወደ እስር ካምፕ ይወርድ ነበር። ፀረ አብዮት ወንጀልን የሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 58 ቀልድንም ይበቃ ነበር። ከስታሊን በኋላ ፍርሃቱ ጋብ ሲል ቀልዱ በየወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። በብሬዥኔቭ ቅንድብና ኒሻን ያልሳቀ ዜጋ አልነበረም። ብሬዥኔቭ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ገዝቶ፣ በሥልጣን ላይ እንዳለ፣ በ1982 በተፈጥሮ ሞት ሞተ። በሌሊት ጓዳ ውስጥ ሲስቅ ያመሸው ሰው ጠዋት ተነስቶ ሰልፍ ወጥቶ መፈክር ይዞ ያጨበጭብ ነበር። ሳቁ ለጭብጨባው ጉልበት ይሰጠው ነበር ብል አጋነንክ እባል ይሆን?

እንግዲህ ከጓዳ የወጣ ሳቅ ምን ይመስላል? ወደ ሰርቢያ እንሂድ።

በጥቅምት 1998 በቤልግሬድ ጥቂት ተማሪዎች «ኦትፖር» የተባለ እንቅስቃሴ መሠረቱ። ቃሉ በቋንቋቸው እምቢታ ማለት ነው። ምልክታቸው የተጨበጠ ጡጫ ነበረ። ስሎቦዳን ሚሎሼቪች በዚያን ጊዜ የሚቀለድበት ሰው አልነበረም። በቦስኒያ ጦርነት ያለፈ፣ በኮሶቮ ጦርነት ውስጥ ያለ፣ ዩኒቨርሲቲውንና ጋዜጣውን በአዲስ ሕግ ያፈነ መሪ ነው። በሚያዝያ 1999 ስላቭኮ ቹሩቪያ የተባለው ጋዜጠኛና አሳታሚ በቤልግሬድ በቤቱ ደጃፍ በጥይት ተገድሏል። አገሩ እንዲህ ያለ ነበር።

ከመሥራቾቹ አንዱ ስርጃ ፖፖቪች በ2015 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ልጆቹ አንድ አሮጌ በርሜል አግኝተው የሚሎሼቪችን ፊት ሳሉበት። በላዩ ሳንቲም ማስገቢያ ቀዳዳ አበጁለት፤ አንድ ዱላ አጠገቡ አስቀመጡ፤ ሳንቲም የከፈለ ሰው ፊቱን መምታት እንደሚችል የሚገልጽ ጽሑፍም ለጠፉ። ከዚያ ክኔዝ ሚሃይሎቫ በተባለው የገበያተኛ ጎዳና መካከል ገትረውት ሄዱ፤ በቅርብ ካለ ቡና ቤት ተቀምጠውም ይመለከቱ ጀመር። መጀመሪያ ሰዎች ግራ ተጋብተው አዩት። አንዱ ደፈረና መታው። ሌላው ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ሰልፍ ተያዘ፤ ጎዳናውም በበርሜል ድምፅና በሳቅ ተሞላ። ፖሊሶች ደረሱ። ማንን ይሰሩ? ባለቤቱ የለም። ዱላውን ያነሱት እናቶችና ሸማቾች ናቸው። እነዚያን ሁሉ አፍሶ መጫን አገር ያስቆጣል፤ ትቶ መሄድ ደግሞ የመሪው ፊት ሲቀጠቀጥ እንዲውል መፍቀድ ነው። ፖሊሶቹ ከሁለቱም የባሰውን መረጡ። በርሜሉን አሠሩት። በሸክም አንስተው መኪናቸው ላይ ሲጭኑት ተነሳው ፎቶግራፍ በጋዜጣ ወጣና አገር ሙሉ ሳቀ።

ቅኔ እንወዳለን የምንል ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ይህ ሰምና ወርቅ አይደለምን? ሰሙ የልጆች ጨዋታ ነው፤ በርሜል፣ ሳንቲምና ዱላ። ወርቁ «ይህን ሰው አንፈራውም» ነው። ፖሊስ ወርቁን ማሠር ስላቃተው ሰሙን አሠረ! ልዩነቱ ይህ ነው። የእኛ ቅኔ ወርቁን የሚደብቀው ለሊቅ ብቻ እንዲገለጥ፣ ለተናጋሪውም መሸሸጊያ እንዲሆን ነው። «እኔ እንዲያ ማለቴ አይደለም» ለማለት ያመቻል። የበርሜሉ ቅኔ ግን ወርቁን ማንም አላጣውም። ሕፃኑም፣ ሸማቿም፣ ፖሊሱም ያውቁታል። ሰሙ የተበጀው ሕግ አስከባሪው የሚይዝበት አንቀጽ እንዲያጣ ብቻ ነው። የእኛው ቅኔ ተናጋሪውን ለብቻው ሲያድን፣ የእነርሱ ሕዝቡን በጅምላ አደፋፈረ።

እንዲህ ያለው ብልሃት የሰርቦች ብቻ አይደለም። በፖላንድ ጄኔራል ያሩዜልስኪ በታኅሣሥ 1981 ወታደራዊ አገዛዝ ካወጁ በኋላ፣ ሰዎች በየግድግዳው የሚጽፉትን መፈክር የመንግሥት ቀለም ቀቢዎች ተከታትለው ይሸፍኑት ነበር። ቭሮትስዋፍ በተባለችው ከተማ ቫልደማር ፊድሪህ የሚባል የጥበብ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር በዚያ ማጥፊያ ቀለም ላይ ቆብ የደፉ ድንኮች ይስል ጀመር። ማጥፊያው ቀለም ራሱ ሸራ ሆነ ማለት ነው። «ብርቱካናማው አማራጭ» የተባለው ቡድናቸው እያደገ ሄዶ፣ ሰኔ 1 ቀን 1988 ከአሥር ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ብርቱካናማ የድንክ ቆብ ደፍቶ በከተማይቱ አደባባይ ወጣ። ፖሊስ ያገኘውን ድንክ ማፈስ ያዘ። በጣቢያ የተቀመጠውን መርማሪ እስቲ አስቡት፤ የክስ መዝገብ ላይ «በሕገ ወጥ የድንኮች ስብሰባ ተገኝቷል» ብሎ ሊጽፍ ነው! በዓመቱ፣ በሰኔ 1989፣ ፖላንድ በከፊል ነጻ የሆነ ምርጫ አካሄደች፤ ገዢው ፓርቲም ተሸነፈ። ዛሬ ቭሮትስዋፍን የጎበኘ ሰው በየጎዳናው በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የነሐስ ድንኮች ያያል። የመጀመሪያው የቆመው በ2001 ለዚያ እንቅስቃሴ መታሰቢያ ነው።

ፍርሃት የሚሠራው ሰውን ብቻውን በማድረግ ነው። እያንዳንዱ ሰው በልቡ አምባገነኑን ይጠላል፤ ግን ጎረቤቱ ምን እንደሚያስብ አያውቅም። ግድግዳም ጆሮ አለው። ስለዚህ ዝም ይላል፤ «ዝም አይነቅዝም» ብሎም ራሱን ያጽናናል። የጓዳ ቀልድ ይህን ብቸኝነት በሦስትና በአራት ሰው ልክ ብቻ ይሰብረዋል። በአደባባይ መቶ ሰው አብሮ ሲስቅ ግን እያንዳንዱ «ለካ ሁላችንም ነን!» ይላል። አብሮ መሳቅ ድምፅ እንደመስጠት ያለ ነው፤ ቆጠራው እዚያው ይታያል። ደግሞም የሚጠይቀው ዋጋ ትንሽ ነው። በአፈ ሙዝ ፊት ደረቱን የሚሰጥ ሰው ከሺህ አንድ ነው፤ አንዲት ሳንቲም ከበርሜል የሚጨምር ግን ብዙ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ማይከን ዩል ሶረንሰን የተባለች ተመራማሪም በ2008 ስለ ኦትፖር ባወጣችው ጥናት፣ ቀልዱ ሰው ለመሳብ፣ ወጣቱን በእምቢታ መንፈስ ለማስተሳሰርና የጭቆናውን ነገር ገልብጦ ለማሳየት እንደረዳ አብራርታለች።

አንባቢ «ይህ ሁሉ ተረት ነው፤ አምባገነን በሳቅ አይወድቅም» ብሎ ሊሞግተኝ ተነስቶ እንደሆነ አውቃለሁ። መልስ አለኝ።

ሚሎሼቪችን የጣለው በርሜሉ ነው ያለ የለም። መስከረም 24 ቀን 2000 በተደረገው ምርጫ ተሸንፎ አልወርድም ሲል፣ የኮሉባራ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ጥቅምት 5 ቀን ከየአውራጃው የተመመ ሕዝብ ቤልግሬድን አጥለቀለቀ። ያን ቀን ፓርላማው ተቃጥሏል፤ ቡልዶዘርም ወጥቷል። የቀልዱ ድርሻ ከዚያ በፊት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እርስ በርሱ የሚፈራራ የነበረውን ሕዝብ ጎዳና ለጎዳና አስተዋወቀው። በዘመቻው ሰሞን አገር ያጥለቀለቀው ተለጣፊ ወረቀት ሁለት ቃል ብቻ ነበረበት፤ «አበቃለት» የሚል። እንደ ቀልድ የተጀመረው ቃል በመስከረም ወር የምርጫ ውጤት ሆነ።

ከቀልዱ ጀርባ ያለውን ሥራም እንይ። ኦትፖሮች አንድ አለቃ አልነበራቸውም፤ ቃል አቀባዮቻቸውን ይቀያይሩ ነበር። አንዱ ሲታሠር ማን ለጠበቃ እንደሚደውል፣ ማን ለጋዜጠኛ፣ ማን ከጣቢያው ደጅ ሕዝብ እንደሚሰበስብ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ፖሊስን አይሰድቡም፤ «እናንተም እንደኛ የዚህ ሥርዓት ሰለባዎች ናችሁ» ይሏቸው ነበር። በመጨረሻው ቀን ብዙ ፖሊሶች ትእዛዝ ሳይፈጽሙ የቀሩት በድንገት አይደለም። እኛ ግን ከቀልዱ ጀርባ ያለውን ዝግጅት ትተን ቀልዱን ብቻ መውሰድ ያምረናል።

ኦትፖር ከአሜሪካኖች ገንዘብ መቀበሉም እውነት ነው፤ በጊዜው የታወቀ ነገር ነው። የፈለገ ይውቀሳቸው፤ ወቀሳውም መሠረት አለው። ነገር ግን በርሜልና አሮጌ ቀለም የዋሺንግተን ድጎማ አይጠይቁም። ደግሞም ሳቅ አገር አፍርሶ አይገነባም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዞራን ጂንጂች በመጋቢት 2003 ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓርቲ ሆኖ የተወዳደረው ኦትፖር ከመቶ ሁለት እንኳ ድምፅ አላገኘም። ቀልደኛ ሆኖ መጣልና ጠቢብ ሆኖ መግዛት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

ሳቅ የማይሠራበት ቦታም አለ። የሶርያው ካርቱኒስት አሊ ፈርዛት በነሐሴ 2011 ተይዞ ተደብድቦ እጆቹ ተሰብረዋል። በዚያው አገር ካፍራንቤል በተባለች ትንሽ ከተማ በቀልድ መፈክሮች ዓለምን ያሳቀው ራኢድ ፋሪስ በኅዳር 2018 በጥይት ተገደለ። በሩሲያ ሳይቤሪያ፣ ባርናኡል በተባለች ከተማ፣ በ2012 መጀመሪያ ሰልፍ የተከለከሉ ሰዎች መፈክር የያዙ አሻንጉሊቶችን በበረዶ ላይ ደርድረው ነበር፤ ባለ ሥልጣናቱም አሻንጉሊት ዜጋ ስላልሆነ ሰልፍ አይፈቀድለትም አሉ። ዓለም ሳቀ። በ2022 ግን በዚያው አገር ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ወረቀት የያዘ ሰው ታሥሯል። መሳቂያ ከመሆን ማሠር የሚቀለው መንግሥት ፊት ቀልድ ብቻውን ጋሻ አይሆንም።

ደግሞ ለቅሶ የሚገባው ጊዜ አለ። በአርጀንቲና በሚያዝያ 1977 ወታደሮች ያጠፉባቸውን ልጆች ፍለጋ በቦነስ አይረስ አደባባይ መዞር የጀመሩት እናቶች አልቀለዱም። ነጭ ሻሽ ራሳቸው ላይ አሥረው በየሐሙሱ ዞሩ። ከእነርሱ የሚጠበቀው እንባና ጽናት ነበር፤ እሱንም ሰጡ። ልጁን ቀብሮ የተመለሰ ሰው ፊት በቀልድ የሚታገል ካለ፣ የሚታገለው ሰውየውን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ጽሑፌን ለመጻፍ የገፋፋኝም ይኸው ነውና።

ዛሬ ከጓዳ የወጣ ሳቅ የለንም ብል ትስቁብኛላችሁ። በየስልካችን፣ በየፌስቡኩ፣ በየቴሌግራሙና በየቲክቶኩ ቀልድ ሞልቶ ተርፎ የለም? አለ። ግን ወዴት ነው የተተኮሰው? ከዚያ ሁሉ ሳቅ ስንቱ ወደ ላይ፣ ወደ ባለ ሥልጣኑ ሥራ ይወጣል? ስንቱስ ወደ ጎን፣ ወደ ጎረቤት ብሔረሰብ፣ ወደ ገጠሬው አነጋገር፣ አማርኛ ወደሚያኮላትፈው ወገናችን ይወረወራል? ሚኒስትሩ ያበላሸው ሥራ እያለ በሚኒስትሩ የአነጋገር ዘዬ የምንስቅ ከሆነ፣ ሚኒስትሩን አልነካነውም። የነካነው እንደ እርሱ የሚናገሩትን ሚሊዮኖች ነው። እነዚያ ሰዎች ትናንት በሚኒስትሩ ተማርረው ነበር፤ ከእኛ ቀልድ በኋላ ግን «የኛ ሰው ተሰደበ» ብለው ዙሪያውን ይቆሙለታል። ከዚህ የበለጠ ለገዢ የሚደረግ ውለታ አላውቅም።

ወደ ጎን የሚወረወር ሳቅ የት እንደሚያደርስ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሩዋንዳ በ1993 ሥራ የጀመረው የ«ሚል ኮሊን» ራዲዮ አድማጭ ያበዛው በሚጥም ሙዚቃና በቀልድ ጨዋታ ነው። አቀራረቡ እንደ መንግሥት ራዲዮ ደረቅ አልነበረም፤ ሕዝቡ ወደደው። በ1994 ያው ሳቂታ ድምፅ ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ግድያውን ያጣድፍ ነበር።

በእኛም አገር የባለ ጠመንጃ ሳቅ ታይቷል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን በትንሽ ቮልስዋገን ጭነው ሲወስዷቸው፣ በመንገድ የነበረ ሕዝብ «ሌባ!» እያለ ይጮህ ነበር። ሰልፈኛው የተማረረበት በቂ ምክንያት ነበረው፤ የወሎ ረሃብ ገና ትኩስ ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ሳቁን ያዘዘው ጠመንጃ ነበር። ኅዳር 14 ቀን ማታ ስድሳ ሰው ያለ ፍርድ ተረሸነ። የወደቀን ሰው ማዋረድ የለመደ ሳቅ ለሚቀጥለው ግድያ ይለማመዳል። ኦትፖሮች በሥልጣን ላይ ባለ መሪ በርሜል ቀለዱ እንጂ በታሠረ ሰው አልቀለዱም።

ስለዚህ ቅኔውን እንጣለው አልልም። አዝማሪውንም፣ አለቃ ገብረ ሐናንም አልከሳቸውም፤ እነርሱ በዘመናቸው አቅም የሚቻለውን አድርገዋል። የምጣላው ከእኛ ጋር ነው፤ በእነርሱ ድፍረት ስም ፍርሃታችንን «ጨዋነት» ከምንል፣ በጓዳ የሳቅነውን በታሪክ መዝገብ እንደ ተጋድሎ እንዲጻፍልን ከምንጠብቅ ከእኛ ጋር። ይህን ያህል የቃል ሀብት ያለው ሕዝብ የአደባባይ ሳቅ ማጣቱ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚያሰኝ ነው።

የሚቀልድ ሰው ከመቀለዱ በፊት ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። ይህን ቀልድ የተቀለደበት ሰው ይሰማዋል ወይስ የእኔ ወዳጆች ብቻ? ሰምቶስ ቢቆጣ፣ የሚቆጣው በሥራው ነው ወይስ በእናቱ ቋንቋ? ሰው አብሮኝ ሊስቅ ቢፈልግ፣ ያለ ብዙ አደጋ የሚገባበት በር ትቼለታለሁ ወይ? ሦስቱንም ያለፈ ቀልድ ወደ አደባባይ ይውጣ። ያላለፈውን ግን እዚያው ጓዳ እንሳቅበትና እንተኛ። ጠዋት ጌታው በዚያው መንገድ ያልፋልና፣ ለእጅ መንሻው በጊዜ መነሳት አለብን።